ቮልሷን ከማስቀባትህ በፊት የውሃውን መንገድ ፈልግ

አንድ ወጣት የላከው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ጋሼ፣ ከአጎቴ የወረስኳት በፈረንጆቹ የ1972 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ሞተሯ ደህና ነው። ከበሮቹ በታች ግን ቀለሙ እያበጠ ነው። ዝናብ ከዘነበ የኋላው ምንጣፍ ይረጥባል፤ ውስጧ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። የጣሪያው ልብስ ተንጠልጥሏል፤ ወንበሮቹም ተቀደዋል። ሐሳቤ በሁለት ቀለም ማስቀባት፣ ከሌላ መኪና የወጣ ስፖርት ወንበር ማስገጠምና ሰፊ ቸርኬ ማስገባት ነው። ቀለም ቀቢው ‹ዝገቱን ፍቄ፣ ስቱኮ ለጥፌ በሳምንት አስረክብሃለሁ› ብሎኛል። ከቀለሙ ልጀምር ወይስ ከውስጧ?»

ከሁለቱም አትጀምር። ከውሃው ጀምር።

ብዙ ችግር የዘረዘርክ ይመስልሃል። እብጠቱ፣ እርጥበቱና ሽታው ግን አንድ ችግር ናቸው። ውሃ በማይገባበት ገብቷል፤ በሚወጣበት ደግሞ አልወጣም። ይህን ሳትዘጋ ያስቀባኸው ቀለም መልሶ ያብጣል። ያስገባኸው አዲስ ምንጣፍም ይበሰብሳል። ቀለም ቀቢው አልዋሸህም፤ በሳምንት ውስጥ የምታብረቀርቅ መኪና ያስረክብሃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ያንተ ዕዳ።

ስለ እብጠቱ አንድ ነገር እወቅ። ቀለም ከውጭ ተጭሮ የዛገ ቦታ ያስታውቃል። ጭረቱ ይታያል፣ ዙሪያው ቡናማ ይሆናል፣ ጠርዙም ይላጣል። ጭረት ሳይኖር ከሥር እየተገፋ የሚነሳ ቀለም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላሜራው ጀርባ የመጣ ነው። ዝገት ከበላው ብረት እጅግ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፤ ቀለሙን የሚገፋውም ለዚህ ነው። የመኪና ላሜራ ደግሞ ስስ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላበት ቦታ ብዙ ነው። እብጠቱ ከውጭ ሲታይህ ብዙ ጊዜ ከውስጥ በኩል ብረቱ አልቋል ማለት ነው። ካቻቢቴ ይዘህ እብጠቱን ጫን በለው። ሰርጎ ከገባ ፍቆ ስቱኮ መለጠፍ የሚባለው ወሬ እዚያው ላይ አበቃ። የሚለጠፍበት ብረት የለማ!

ስቱኮን እየወቀስኩ አይደለም። በንጹሕ ብረት ወይም በኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት ብረት ላይ በሚረጭ መነሻ ቅብ) ላይ በስሱ ከተቀባ ጥሩ ነገር ነው። ጣጣው እርጥበት መምጠጡ ነው። ቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ከጀርባው የሚመጣውን ውሃ ይጠጣና ይዞት ይቀመጣል። ዝገቱ ከእይታ ተሰውሮ ሥራውን ይቀጥላል። ስቱኮ በውሃ አይፈገፈግም የሚባለውም ለዚሁ ነው። በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ይሠራል፤ በውሃ መፈግፈግ የሚመጣው ከላዩ ፕራይመር ከተረጨ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሥራው። በመጀመሪያ ውስጧን ባዶ አድርጋት። አስቀድመህ ግን ባትሪውን ፍታ። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው ያለው። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል። ወንበሮቹን፣ ምንጣፉን፣ ከምንጣፉ ሥር ያለውን ሬንጅ መሰል ንጣፍና የበሮቹን ሽፋን አውጣ። ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ። የእያንዳንዱን ክፍል ቡሎንና ቪቴ ለየብቻ በከረጢት አድርገህ የምን እንደሆነ ጻፍበት። ይሄ አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ከወራት በኋላ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ የተቀላቀለ ቪቴ ፊት ቁጭ ስትል ግን የባሰ ነው። የተቀደደውንም ሆነ የተሰበረውን አትጣል። የተቀደደ የወንበር ልብስ ለአዲሱ ልክ መውሰጃ ነው።

ባዶ ስትሆን ውሃ አፍስስባት። አንድ ሰው ከውጭ የጎማ ቱቦ ይያዝ፤ አንተ ባትሪ መብራት ይዘህ ውስጥ ተቀመጥ። ውሃው በኃይል ሳይሆን በዝግታ፣ ከታች ወደ ላይ ቦታ በቦታ ይሂድ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ነገር ይረጥብና ምንጩ ይጠፋባችኋል። ውሃ የሚታይበትና የሚገባበት ቦታ አንድ እንዳይመስልህ። ከኋላው መስታወት የገባ ውሃ በላሜራው ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ሊወጣ ይችላል።

በቮልስ ላይ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠሩት የመስታወት ጎማዎች ናቸው። ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጥጉ ላይ ይከፈታል። ጎማው ሲነሳ ደግሞ ከሥሩ ያለው የላሜራ ጠርዝ ዝጎ ታገኘው ይሆናል። ያኔ አዲስ ጎማ ብቻውን አይበቃም፤ ጠርዙ መጠገን አለበት። ያንተ ሞዴል ከኋላ የጎን መስታወቶቹ ጀርባ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው የአየር መውጫዎች አሉት። የኋላ ምንጣፍ ይረጥባል ስትለኝ ከመስታወቶቹ ቀጥሎ ያሰብኳቸው እነሱን ነው። ከፊት መስታወቱ በታች ያለው የአየር መግቢያም ውሃ ማስወገጃ ቱቦ አለው። ቅጠልና አቧራ ከደፈነው ውሃው ወደ ፊት ሻንጣው ይፈሳል። በሮቹን ደግሞ እንዳትረሳ። በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ጥፋት አይደለም። ማንኛውም መኪና ላይ በመስታወቱ ጎን ውሃ ይወርዳል፤ በበሩ ግርጌ ባሉ ቀዳዳዎችም ይወጣል። ጥፋቱ ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደፍናቸው ደግሞ ቀለምና ስቱኮ ነው።

ከዚያ የዝገቱን ካርታ ሥራ። ካቻቢቴ፣ ትንሽ መዶሻና ማግኔት ይበቃሃል። ጤነኛ ብረት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰ ይታፈናል። ማግኔት የማይዝበት ቦታ ወፍራም ስቱኮ አለ። ቮልስ ላይ ከሁሉ የከፋው ቦታ በበሮቹ ሥር፣ በሁለቱም ጎን ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ባዶ ሣጥን ነው። ሌላ መኪና ላይ ተራ የበር ሥር ማጠናከሪያ በሆነ ነበር። ቮልስ ግን ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ የውስጥ ማሞቂያዋ ሙቀት የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ በዚህ ሣጥን በኩል ነው። ስለዚህ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሙቀት ያስተላልፋል፤ አካሏንም ቀጥ አድርጎ ይይዛል። አካሏ ከወለሉ ጋር በቡሎን የሚታሠረው በዚሁ በኩል ነው። ያንተ እብጠት ያለው እዚህ ከሆነ፣ የነገርከኝ የመልክ ችግር ሳይሆን የጥንካሬ ችግር ነው።

ቀጥሎ ከባትሪው ሥር ያለውን ወለል እይ። የሚፈሰው አሲድ ይበላዋል። የመለዋወጫ ጎማው ጉድጓድ፣ የፊትና የኋላ ፓራውልት የሚታሠርባቸው ቦታዎች፣ የክሪክ ማስገቢያዎቹ፣ የወለሉ የፊት ጫፍ፣ የበሮቹ ግርጌ፤ እነዚህን ሁሉ ጎንበስ ብለህ፣ ከሥር ገብተህ ፈትሽ። ያገኘኸውን በጠመኔ ክበበው፤ ፎቶም አንሳው።

መልካሙ ዜና የቮልስ ክፍል አለመጥፋቱ ነው። ይህች መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በፈረንጆቹ 2003 ነው። የወለል ላሜራ፣ የሙቀት ሣጥን፣ የበር ግርጌ፣ ሁሉም ለጥገና ተብሎ ይመረታል። ስለዚህ ጭረት ጭረቱን እየቆረጡ እንደ ልብስ መጣፍ ግድ አይደለም። ወለሉ በብዙ ቦታ ከተበሳ ግማሹን ወለል ከነጠርዙ መቀየር ከአሥር ቁራጭ ብየዳ ይሻላል። በወለሉ መሃል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን ቱቦ ግን አትንኩት። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር እሱ ላይ ነው።

ብየዳውን አንተ አትሠራውም ብዬ እገምታለሁ። ለባትላሜራው ስትሰጥ ግን የምትጠይቀውን እወቅ። የሙቀት ሣጥኑ ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍተት ከውስጥ በብረት ቱቦ ተወጥሮ ይበየዳል። ካልሆነ አካሏ ትንሽ ትጎብጥና በሩ ሁለተኛ በትክክል አይዘጋም። በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ይሠራ። በሩ በቦታው ሆኖ ክፍተቱ እየታየ ይሁን። ጨርሶ ከመበየዱ በፊት በነጥብ ብቻ ተይዞ በሩ ይከፈት፣ ይዘጋ። «ስንት መኪና ሠርቻለሁ፣ ይሄ አያስፈልግም» ያለህ ባለሙያ ካለ አመስግነህ ተለየው።

ለእንዲህ ያለ ስስ ላሜራ ሚግ ብየዳ፣ ሽቦ እየመገበ የሚበይደው፣ በ0.6 ሚሊሜትር ሽቦ ይመቻል። ነጥብ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ ነጥብ፤ ሙቀቱ እንዲበተን። አንድ መስመር እየጎተቱ መበየድ ላሜራውን ያጣምመዋል። የተጣመመውን ለማቃናት ስቱኮ ይከመርበታል። ወፍራም ስቱኮ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይሄው ነው።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የቮልስ ነዳጅ ታንክ ከፊት፣ በሻንጣው ውስጥ ነው። የፊት ለፊት ብየዳ ካለ ታንኩ ወጥቶ ከግቢው ይራቅ። ባዶ ነው ብሎ ማሰብ አይሠራም፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ባትሪው ይውጣ። የእሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ይኑር። በክሎሪን ውህድ የተሠራ ማጽጃ በተረጨበት ብረት ላይ መበየድ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጣሳ ጽሑፍ አንብቡ። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራው እንዳይነሳ በውሃ ይፈግፈግ፤ ጭንብልም ይደረግ።

ከባለሙያው ጋር ስትዋዋል አንድ ነገር አጥብቀህ ያዝ። ብየዳው አልቆ ስቱኮ ከመለጠፉ በፊት ይጥራህ። ያን ቀን ሄደህ ባዶውን ብረት እይ፤ ፎቶ አንሳ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ያምራል፤ ማንም መለየት አይችልም። ጥሩ ባትላሜራ ይህን ስትጠይቀው ደስ ይለዋል። የሚኮራበትን ሥራ የሚያይለት ሰው ብዙ የለውማ።

ፓራፋንጎዎቹ ይቀላሉ። ቮልስ ላይ አራቱም በቡሎን ነው የታሠሩት። የተጎዳውን ፈትቶ ሌላ መግጠም ይቻላል። ቡሎኖቹ ግን ከዘመን ብዛት ተጣብቀው ይጠብቁሃል። ከቀናት በፊት ጀምረህ የዝገት መፍቻ ዘይት እያጠጣህ ቆይ። ስትፈታ መጀመሪያ ትንሽ ወደማጥበቅ ግፋው፤ ከዚያ መልሰው። እንቢ ካለህ አትታገለው። ከተሰበረ ከውስጥ የቀረው ዳዶ ነው የሚያሰቃይህ። በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል ያለውን የጎማ ክር አዲስ አድርገው። ቀለም ሲረጭ ግን ክሩ ወጥቶ፣ ፓራፋንጎውም ተፈቶ ለየብቻ ይሁን። ሳይፈታ የተቀባ ቮልስ ከሩቅ ይታወቃል። ክሩ የመኪናውን ቀለም ለብሶ ታየዋለህ፤ ከሥሩ ደግሞ የድሮው ቀለም አለ።

ስርጉዱን በተመለከተ፣ ከጀርባው እጅ የሚያስገባ ቦታ ሁሉ በመዶሻና በመደገፊያ ብረት ይውጣ። ስቱኮው የሚቀረውን ጥቂት ሸካራነት ይሙላ። ሲጨረስ ከ2 ወይም 3 ሚሊሜትር ባይበልጥ እወዳለሁ።

ወደ ቀለሙ መጣን። ባዶ ብረት ላይ መጀመሪያ የሚሄደው ኢፖክሲ ፕራይመር ነው፤ እርጥበትን ከሌሎቹ ፕራይመሮች በተሻለ ይከለክላል። ተራ ፕራይመር ብቻ ለብሳ ለሳምንታት ደጅ የቆመች መኪና ዝገቷን ከሥር እያበቀለች ነው። የዝገት መለወጫ ኬሚካል ለላይ ላዩ ዝገት ጥሩ ነው፤ ቀዳዳ አይደፍንም። አሲድ ያለበት ከሆነ ደግሞ ተጠርጎ ካልጸዳ ኢፖክሲው አይዝም።

ሁለት ቀለም ማሰብህን ወድጄዋለሁ፤ ቮልስ ላይ ያምራል። ኢፖክሲው፣ ስቱኮውና መሙያ ፕራይመሩ ካለቀ በኋላ ነው ምርጫው የሚመጣው። ቀለሞቹ የሚለያዩበት መስመር የጎኑን ጌጥ ብረት ተከትሎ ይሂድ። ብረቱ መጋጠሚያውን ይሸፍንልሃል፤ ዓይንም ይቀበለዋል። የራስህን መስመር ከፈለሰፍክ በሁለቱ ጎን እኩል ማምጣቱ ብቻውን አንድ ሥራ ነው። ቀለም የምትቀይር ከሆነ የበሩ ጠርዝ፣ የኮፈኑ ውስጥና የሞተሩ ቤት አብረው ይቀየሩ። በር ሲከፈት የድሮው ቀለም ብቅ የሚልባት መኪና ያልጨረሰች ትመስላለች። የፋብሪካውን ቀለም መመለስ ከፈለግክ ደግሞ የቀለም ኮዱ በፊት ሻንጣው ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ ሊገኝ ይችላል። በኤል ፊደል ይጀምራል፤ ኤል 41 ለምሳሌ ጥቁር ነው። በመኪናዋ ሰነድ ላይ ቀለሟ ከተጻፈ ለውጡን ማስመዝገብ አለብህ።

ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም በቤት ግቢ አይረጭም። በውስጡ ያለው አይሶሲያኔት ሳንባን ይጎዳል፤ ተራ የአቧራ ጭንብል አያቆመውም። ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭንብል ላለው ባለሙያ ስጠው። አንተ በመፍታት፣ በመፈግፈግና በማጽዳት ወጪህን ቀንስ። አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው እዚያ ነው።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ አለ። በሮቹ ውስጥ፣ በሣጥኖቹ ውስጥ፣ በጠርዞቹ ሁሉ ረጅም አፍንጫ ባለው መርጫ ፈሳሽ ሰም ይረጫል። ብየዳ ከጀርባ ያለውን ቀለም ስላቃጠለው ይህ ካልተደረገ አዲሱ ላሜራም ከዚያው ይዝጋል። ሙቀት የሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ግን አትርጭ፤ ማሞቂያው በተከፈተ ቁጥር ይሸትሃል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ከፍተህ ጨርስ።

አሁን ውስጧ። ቅደም ተከተሉን ራሷ መኪናዋ ነው የምትወስነው። የጣሪያው ልብስ ጠርዝ በመስታወቶቹ ጎማ ሥር ይታጠፋል። ስለዚህ ጣሪያው የሚገባው መስታወቶቹ ከመግባታቸው በፊት ነው። ቀለሙም መስታወቶቹ ወጥተው ነው የሚረጨው። ይሄ ማለት ቀለም፣ ከዚያ የጣሪያ ልብስ፣ ከዚያ መስታወት ከአዲስ ጎማው ጋር፣ ከዚያ ወለል፣ በመጨረሻ ወንበር። ጣሪያውን ዛሬ ብታሠራ ለቀለሙ ስትል መልሰህ ታበላሸዋለህ። «ከየትኛው ልጀምር» ላልከው ቁርጥ ያለው መልስ እዚህ ነው ያለው።

የጣሪያው ልብስ የሚወጠረው በቀጫጭን የብረት ቀስቶች ነው። ቀስቶቹ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ አይደሉም። ስታወጣቸው ከፊት ወደ ኋላ ቁጥር ስጣቸው። ሲገባ በማስቲሽ ከመጣበቁ በፊት በመቆንጠጫ ይያዝ፤ ከመሃል ወደ ዳር ይወጠር። ቪኒሉ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ አሙቀው። የቀረ ትንሽ ሽብሽብ በሙቅ አየር ይጠፋል። ይህ ሥራ ትዕግሥት ላለው ሰው እንጂ ለጀማሪ አይመችም። ታፔሴሪያ የሚሠራ ሰው ካገኘህ ጣሪያውን ለሱ፣ የበር ሽፋኖቹን ለራስህ አድርግ።

የበር ሽፋን ቀላል ነው፤ ግን አንድ ምስጢር አለው። ከጀርባው ያለው ጠንካራ ካርቶን ጎብጦና ተልጦ ያገኘኸው በእርጅና ብቻ አይደለም። በሩና በሽፋኑ መካከል መኖር የነበረበት ላስቲክ ተቀዶ ወይም ተጥሎ ነው። መስታወት የጠገነ ሰው ሁሉ ይቀደዋል፤ የሚመልሰው ጥቂት ነው። ወፍራም ላስቲክ ቆርጠህ ዙሪያውን በሚለጠፍ ማሸጊያ አጣብቅ። ግርጌውን ወደ በሩ ውስጥ አስገባው፤ ውሃው ወደ ቀዳዳዎቹ ይሂድ። አዲሱን ሽፋን ከፕላስቲክ ሰሌዳ ብታስቆርጠው የበለጠ ይኖራል።

ወለሉ ላይ ድምፅ መከላከያ ማንጠፍ ትፈልግ ይሆናል። ሬንጁን ተወው፤ ከሥሩ ውሃ ይይዛል። ቡታይል የሚባለው የሚለጠፍ ንጣፍ ይሻላል፤ ቢያንስ በንጹሕ፣ በተቀባ ብረት ላይ። ሁሉንም ቦታ መሸፈን አያስፈልግም። የላሜራው ሰፊ መሃል ላይ ሩቡን ያህል ከተለጠፈ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። የተረፈው ክብደት ብቻ ነው። ምንጣፉን ደግሞ ዳር እስከ ዳር አታጣብቀው። በዓመት አንዴ ገልጠህ የምታይበት ጥግ ይኑርህ።

ወንበሮቹን ከመጣልህ በፊት አንዴ አስብ። የቮልስ ወንበር ሞላ አለው፤ ከላዩ ደግሞ ከፀጉርና ከጎማ የተሠራ ንጣፍ። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ንጣፉና ልብሱ ነው። ሞላው የተሰበረበትን አስጠግነህ፣ ዝገቱን አስፍቀህ ቀለም ቀብተህ፣ አዲስ ንጣፍና ልብስ ብታለብሰው ምቾቱ ይመለሳል። ቁመናውም ከመኪናዋ ጋር ይሄዳል። የኋላውን ወንበር ሞላ በተለይ ተጠንቀቅ። ከሥሩ ባትሪው አለ። ሰው ሲቀመጥበት የሞላው ብረት የባትሪውን ጫፎች ከነካ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ደረቁ ንጣፍ ደግሞ ወዲያው ይቀጣጠላል። ቮልሶች በዚህ ተቃጥለዋል። የባትሪው ክዳን ከጠፋ ሳታስገባ መኪናዋን አታስነሳ።

ስፖርት ወንበር ካልክ ግን መከልከል አልችልም፤ መኪናው ያንተ ነው። ሁለት ነገር ብቻ። ሐዲዱ ከቮልስ ሐዲድ ጋር ስለማይገጥም መሸጋገሪያ ይሠራል። መሸጋገሪያው በወለሉ ስስ ላሜራ ላይ በተራ ቡሎን ከታሠረ በግጭት ጊዜ ይነቀላል። ከሥሩ ሰፊ ማጠናከሪያ ብረት ይፈልጋል። የደህንነት ቀበቶው ደግሞ በፋብሪካው ቦታ ይታሠር። ወንበሩ ከፍ ካለ መሪውና ጣሪያው ይቀርቡሃል፤ ከመበየዱ በፊት ቁጭ ብለህ ሞክረው።

ለሌላው ማስዋብ ሁሉ የምመክርህ አንድ ልማድ ነው። ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል መንገድ አትቁረጥ። ለትልቅ ሬዲዮ ብለህ ዳሽቦርዱን አትቅደድ። ከሥሩ የሚንጠለጠል ሣጥን አሠርተህ እዚያ አድርገው። አዲስ ለምታስገባው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። የቮልስ የፊውዝ ሣጥን ለዛሬ ዕቃዎች ጭነት አልተሠራም።

ቸርኬው ቀረ። መጀመሪያ የራስህን ቡሎኖች ቁጠር። የቀድሞዎቹ ቮልሶች በ205 ሚሊሜትር ክብ ላይ አምስት ቡሎን ነበራቸው። ከፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙዎቹ በ130 ላይ አራት ሆኑ። ቀዳዳው ገጠመ ማለት ግን ቸርኬው ገጠመ ማለት አይደለም። ስፋቱ ወደ ውጭ ከሄደ ፓራፋንጎውን ይበላል፤ ወደ ውስጥ ከሄደ የመሪ ዘንጉንና ፍሬኑን ይነካል። ከመግዛትህ በፊት ተውሰህ ሞክር። መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዙር። ከኋላ ሦስት ሰው አስቀምጠህ ጎማው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ያለውን ክፍተት ጣትህን አስገብተህ እይ። ሰፋፊ ጎማ መሪዋን እንደሚያከብድም አስብበት፤ ይህች መኪና የመሪ እገዛ የላትም። ይህን ሁሉ ፈትሸህ ከገጠመህ ግዛው። የድሮዎቹን ቸርኬዎች ግን እንዳትሸጣቸው።